ሚስቴ በግማሽ ሮቶ የሄደችበት ቅዳሜ

ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ወሬ አጋናኝ አለ ካሏችሁ እኔ ነኝ። ስሜ ማቴዎስ ይባላል። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሮቶ እሸጣለሁ፤ ያንን በየግቢው ብረት ማማ ላይ ወጥቶ ውሃ የሚጠብቀውን ጥቁር ታንከር ማለቴ ነው። ወሬ በጣሳ ተቀብዬ በበርሜል እንደማወጣ አገር ያውቃል። የዛሬዋን ግን ልክ በልኳ ነው የማወራችሁ። ምክንያቱም ታሪኩ የሚስቴ ነው፤ እሷ ደግሞ ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ እያነበበች ነው። አስተማሪ ናት። ቀይ እስክሪብቶ ይዛለች።

ያኔ አርባውን ካለፍኩ ሰነባብቻለሁ። ትልቁ ልጃችን ናሆም መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን መፈለግ ጀምሯል፤ ታናሹ ጫማዬን እየሰረቀ ያደርጋል። ዳይፐርና ጡጦ ከቤታችን ከወጡ ዘመን ሆኗቸዋል። ታዲያ አንድ ቀን ታደለች ከትምህርት ቤት ገብታ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ማርገዟን ነገረችኝ። እኔም አፌ እንዳመጣልኝ «ከማን?» አልኳት። ያን ዕለት ራት ያበላኝ ከድር ነው። ከድር የመናኸሪያው ጫኝና አውራጆች አለቃ ነው፤ ሮቶዎቼን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚሰቅልልኝም እሱ ነው። ጉዳዩን ስነግረው አልሳቀም። «ይበልህ» ብሎ እንጀራውን ወደ እኔ ገፋው።

ታደለች ፈሪ ሴት አይደለችም። ወንበር ያልበቃው ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ዓይኗ ጸጥ ታሰኛለች። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ግን እሷም ጸጥ እያለች መጣች። ሁለቱን ወንዶች የወለደችው በጀርባዋ ተኝታ፣ የኔ የምትለው ሰው ከጎኗ ሳይኖር ነው። ያኔ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ባል የሚባል ፍጡር ፔርሙዙን አንጠልጥሎ፣ ከአጥሩ ውጪ ግንብ ተደግፎ ይቆማል። እኔማ በሁለቱም ጊዜ የአጥሩን ባሎች በቀልድ ስፈጃቸው ነው የዋልኩት፤ አንዱ ስቆ ስቆ ፔርሙዙ ከእጁ አምልጦ ተከሰከሰ። ሳቃችን ውስጥ ድረስ ይሰማ እንደነበር ታደለች አሁን ከጀርባዬ ሆና ጨምሪልኝ ሳልላት ጨምራልኛለች።

እህቷ ምህረት፣ እንደ ግማሹ የሆሳዕና ወጣት፣ ደቡብ አፍሪካ ናት። እዚያው አግብታ እዚያው ወለደች፤ የወለደችውም ውሃ ውስጥ ነው። ቪዲዮውን በቴሌግራም ላከችልን። ሰፊ ክብ ገንዳ አለ፤ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶታል። ምህረት ውሃው ውስጥ ተቀምጣለች፤ ባሏ በቁምጣ ከኋላዋ ገብቶ በደረቱ ደግፏታል። አዋላጇ ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች። ምህረት ትንሽ ታቃስታለች፣ ትንሽ ትዘምራለች፣ ከዚያ ሕፃኑ እንደ ሐዋሳ ዓሣ ብቅ ይላል። ታደለች ይህን ስታይ ሰነበተች። የቤታችን ዳታ አለቀ፣ የጎረቤት ዳታ አለቀ፣ የቀረው የዞኑ ዳታ ነበር። እኔም በትከሻዋ ላይ አንገቴን አስግጌ አየሁት። አየሁና በነጋዴ ዓይኔ ገንዳውን ለካሁት። ይቺማ፣ አልኩ በልቤ፣ የትልቁ ሮቶ ግማሽ ናት።

በዚህ መሃል አማቴ ከአንጋጫ ቡላቸውን፣ ቅቤያቸውንና ሐሳባቸውን ተሸክመው ደረሱ። እሳቸው ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ ተናጋሪ ነን፤ ስንከራከር ግን በአማርኛ ነው። ለሁለታችንም ከሜዳ ውጪ ስለሆነ ማንም በደጋፊ አያሸንፍም። የአማቴ ሐሳብ አጭር ነበር። ልጃቸው አንጋጫ ትሂድ፤ እሳቸው በወለዱበት ጎጆ፣ ትኩስ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎላት፣ ተንበርክካ፣ ምሰሶውን አቅፋ ትውለድ። ስለ አልጋ ሲነሳባቸው ፊታቸው ይጠቁራል።

«ላም እንኳ ስትወልድ በጀርባዋ አትተኛም» አሉኝ። «ለሰው ይሄን ማን አመጣበት?»

ታደለች ግን የእናቷንም ነገር፣ የእህቷንም ነገር፣ የሆስፒታሉንም አልጋ በየተራ እያነሳች ትጥላለች። አልጋው ያስፈራታል። አንጋጫ ከመኪና መንገድ ይርቃል። ውሃው ደግሞ ሆሳዕና ውስጥ እንኳን ለመውለጃ ለመጠጫም በፈረቃ ነው። ሌላው ባል ቢሆን ቁጭ ብሎ ያማክር ነበር። እኔ ፍሌክስ፣ ያንን የሚጮኽ የብረት መቁረጫ፣ ተበደርኩ።

ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን አንዱን ትልቅ ሮቶ ወገቡ ላይ ቆረጥኩት። ጩኸቱ ፎንቆ ድረስ ተሰምቷል ብል ከድር ይመሰክርልኛል። የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይቧጭራት የውሃ ጎማ በረጅሙ ሰንጥቄ ዙሪያውን አለበስኩት። ከታች ቧንቧው እንዳለ ነው፤ ውሃው ሲያስፈልግ ይወርዳል። ሥራዬን ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳየው፣ እውነት ለመናገር፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ገንዳ አፈረ።

ሰፈር ግን ዝም አይልም። ማቴዎስ ዓሣ ሊያረባ ነው ተባለ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ደግሞ ሌላ ሰምቶ በደስታ እያበራ መጣ፤ የውሃ ጥምቀት ገንዳ ያሠራሁ መስሎት ነበር። የሚጠመቁ ምእመናን ስላሉ መቼ እንደማውሰው ጠየቀኝ። ወረፋ እንዲይዝ ነገርኩት፤ ከእሱ ሰዎች በፊት አንዲት ነፍስ ቀጠሮ እንዳላት አስረዳሁት። ሳይገባው አሜን ብሎ ሄደ።

ታደለችን ዓይኗን ሸፍኜ ወስጄ አሳየኋት። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እጄን ይዛ፣ ጠብታ ውሃ የሌለበት ሮቶ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ግባ አንተም» አለችኝ።

መጋዘኑ በር ላይ ሰዎች ዕቃ እያወረዱ ነበር። «ሰው ያያል» ብያት ወደ ደንበኞቼ ሮጥኩ።

የነፍሰ ጡር ክትትሏን የምትከታተልላት የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሲስተር መሠረት ናት። ወሬው እሷም ጋ ደርሶ ኖሮ አንድ ከሰዓት ሳፋ ልግዛ ብላ መጣች። ሳፋ አልገዛችም። በቀጥታ መጋዘኑ ገብታ ሮቶውን ዞረችው፣ ጠርዙን ዳሰሰችው፣ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋችው። ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ ሥራውን አደነቀችልኝ። ከዚያ ከታደለችና ከአማቴ ጋር አራታችን ጀሪካን ላይ ጀሪካን ላይ ተቀመጥንና ነገሩን አንድ በአንድ መዘንነው። ውሃ ውስጥ መውለድ ክፉ ነገር እንዳልሆነ ነገረችን። ምህረት የወለደችበት ቦታ የሠለጠነ ሰው፣ ንጹሕ ውሃ፣ ችግር ሲመጣ እዚያው ጎን ያለ ሐኪም አለ። እኛ ጋ ያለው ከባለፈው ፈረቃ የተጠራቀመ ውሃና እኔ ነኝ።

«ጋሽ ማቴዎስ» አለችኝ፣ «ደም ቢፈሳት በዚህ ጥቁር ሮቶ ውስጥ ምን ያህል እንደፈሰሰ በምን ያውቃሉ?»

ሮቶዬን አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር መሆኑ ታየኝ።

አማቴ ይህን ሲሰሙ ድል ያደረጉ መሰላቸው። እንዲያማ ከሆነ አንጋጫ ይሻላል፣ እኔ ምሰሶ ይዤ ስንቱን ወልጄ የለ አሉ። ሲስተር መሠረት በአክብሮት ወደ እሳቸው ዞረች።

«ስንት ወለዱ፣ እማማ?»

«ዘጠኝ።»

«ስንቱን አሳደጉ?»

አማቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ሰባት» አሉ። ጀሪካኑ ላይ የተቀመጥን ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ታደለች ሁለት እንደሞቱባቸው ታውቅ ነበር፤ ከእናቷ አፍ ስትሰማ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ሲስተር ሐዘኑ ላይ አላቆየችንም። መንበርከኩን እንደምትወደው ነገረቻቸው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ዛሬ ዛሬ ሴት በመረጠችው ሁኔታ ትወልዳለች፤ ብትፈልግ ተንበርክካ፣ ብትፈልግ ቁጢጥ ብላ፣ የምትፈልገውንም አንድ ሰው ይዛ ትገባለች። ለብ ባለ ውሃ መቀመጥም ምጡ ሲጀምር ወገብ ያሳርፋል፤ የሽርት ውሃዋ እስኪፈስ ድረስ እዚሁ ሮቶው ውስጥ ትቀመጥበት፤ ከፈሰሰ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ እሷ። እንደዚያ ተስማማን። ለአንድ ባለባጃጅ ነግሬ አዘጋጀሁ፤ ሁለቱን ወንዶች ዱራሜ አክስታቸው ጋ ላክናቸው። ታደለች ይዛ የምትገባውን ሰው ሲስተር ስትጠይቃት እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ አማቴን አሳየሁ፤ እሳቸው ልምድ አላቸው አልኩ። ታደለች ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

ቅዳሜ መጣ። የቅዳሜውን መናኸሪያ ለማያውቅ ላስረዳ፤ ከየወረዳው የመጣ ሰው፣ ዶሮ፣ ቆጮ፣ ፍራሽ፣ ሁሉም በአንድ በር ልግባ ይላል። ጧት ታደለች ወገቧን ይዛ «ጀመረኝ» አለች። በርሜል ሙሉ ውሃ አሞቅን፣ በቀዝቃዛ በረዝን፣ አማቴ በክርናቸው ለኩት። ታደለች በሰፊ ቀሚሷ ገባች። አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ምንም አላጋነንኩም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ተፈታ። አማቴ በጣሳ ወገቧ ላይ ውሃ ያፈሱላታል፣ እሷ ጠርዙ ላይ አገጯን አስደግፋ በዝግታ ትዘምራለች። ሻይ ሁሉ ጠየቀች። እኔ የመጋዘኑ በር ላይ ዘብ ቆሜያለሁ።

ከአዲሎ የመጣ አንድ ገዢ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያሉትን ሮቶዎች አንድ በአንድ እየመታ ናቃቸው። ደህናዎቹን መጋዘን እንደደበቅኩ እርግጠኛ ነበር።

«ውስጥ ያለውን አሳየኝ» አለኝ።

«ውስጥ ያለው ተይዟል።»

«በማን?»

«በሚስቴ።»

ሰውዬው ሲቀልድብኝ ነው ብሎ ሱቁ ደጃፍ ተቀመጠ፤ ሳላሳየው አይሄድም። ያኔ ከመጋዘኑ ውስጥ መዝሙር ያልሆነ ድምፅ ሰማሁ።

የሽርት ውሃው ፈሷል። ምጡም ከሽርት ውሃው ጋር ልጓሙን በጥሶ መጣ። ባለባጃጁ ጋ ስደውል ነዳጅ ሰልፍ ውስጥ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም መኪና ቆልፎታል። ጤና ጣቢያ ደወልኩ፤ አምቡላንሱ አንዲት ወላድ ሊያመጣ ወደ ፎንቆ ወጥቷል። ሮጬ ከመንገድ ሌላ ባጃጅ አመጣሁ። ታደለችን ደግፈን አወጣናት፣ ቀሚሷን በደረቅ ጋቢ ለወጥን፣ ባጃጁ ወንበር ላይ ልናስቀምጣት ስንል ግን ወገቧ እምቢ አለ። መቀመጥ አልቻለችም። እናስተኛት አልን፤ በጎኗም አልቻለችም። ከእጃችን አምልጣ ተመልሳ ወደ ሮቶው ሄደች፣ ገባች፣ ተንበርክካ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ተንበርክኬ ብቻ ነው የምችለው» አለች። «ከዚህ አታውጡኝ።»

አማቴን አየሁ። እዚሁ ትውለድ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጣሳውን ወርውረው እጄን ያዙ፤ የያዙበት ቦታ ለሳምንት ጠቁሮ ነበር።

«ሰው ጥራ» አሉኝ። «ወደዚያች አዋላጅ ልጅ ውሰዷት። ሰው ጥራ!»

ከድር ግርግሩን ሰምቶ ከነጓደኞቹ ደርሶ ነበር። ከመናኸሪያ ጫኞች ገጠር ያላደገ የለም፤ ገጠር ያደገ ሁሉ ደግሞ ወላድ በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ አድርሷል። አንዱ ወዲያው ቃሬዛ እንሥራ አለ። ቃሬዛ ማለት ግን መተኛት ነው። ከድር ታደለችን አየ፣ ጠርዙን የጨበጡ ጣቶቿን አየ፣ ከዚያ ሮቶውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ማቴ» አለኝ፣ «ይሄን እኮ በየቀኑ ጣሪያ ላይ እንሰቅለዋለን።»

ቧንቧውን ከፈቱት፤ ውሃው በመጋዘኑ ወለል ላይ ፈሰሰ። ከሥሯ ፍራሽ አነጠፉ፤ አማቴ ከጓሮ ያመጡትን የእንሰት ቅጠል ከላይ አለበሱት። የባሕር ዛፍ አጠናዎች መጡ፣ የጭነት ገመድ በሮቶው ሆድ ሥር ተሻገረ፣ ተቋጠረ፣ ተፈተሸ። ከድር ቢስሚላህ አለ፣ ወንጌላዊው (ከየት እንደመጣ እንጃ) በኢየሱስ ስም አለ፣ ሮቶው ከመሬት ተነሣ።

ያን መንገድ ዛሬም በሕልሜ እሄድበታለሁ። የቃሬዛ አረማመድ የራሱ ነው፤ አይሮጥም፣ አይራመድም፣ መሃሉ ላይ ነው፤ የተሸከሙት እንዳይናጥ ጉልበት እየበረከከ ይሄዳል። ከፊት ያለው በሀዲይኛ ይጠራል፣ ከኋላ ያሉት በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፤ እግር ከእግር የሚገጥመው በዚያ ነው። ከመጋዘኑ ወጥተን መናኸሪያው ፊት ስንደርስ ቀኑን ሙሉ አዲሳባ አዲሳባ እያሉ የሚጮኹት ረዳቶች ድምፃቸው ጠፋ። አውቶቡስ ወደ ኋላ ተመለሰልን። የገበያ ሴቶች ማንም ሳይጠራቸው አንሶላና ሻርፕ ዘርግተው በዙሪያዋ መጋረጃ ሆኑ፤ ከነመጋረጃቸው አብረው ይሮጣሉ። በእኛ አገር ወላድ የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ ያገኘ ወንድ ትከሻ ሳይሰጥ አያልፍም። ክራቫት ያሰረ የቢሮ ሰው ገባ። ሾፌር ገባ። ተሸካሚው ሃያ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ (ታደለች በቀይ ሰርዛዋለች፤ ስምንት ስምንት እየሆኑ ይቀያየሩ ነበር ትላለች)። የአዲሎው ሰውዬም ከአጠናው ሥር ትከሻውን ሲያስገባ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር። ከድር ገፍቶ አስወጣኝ።

«አንተ ተሸካሚ አይደለህም» አለኝ። «እጇን ያዝ።»

በመጋረጃው መሃል ሾልኬ ገባሁና ጠርዙ ላይ የነበረ እጇን ያዝኩ። ላብ አጥምቋታል። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«የናሆም አባት፣ አንድ ቀልድ አውራልኝ» አለች።

እኔ ማቴዎስ! ለቅሶ ቤት ሰው አስቄ የተባረርኩ ሰው! አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። መናኸሪያውን በሙሉ በወሬ የሞላሁት ሰውዬ ባዶ ጀሪካን ሆኜ ቀረሁ። እጄን ጠበቅ አደረገችው።

«እሺ ተወው» አለች። «ብቻ አትልቀቀኝ።»

ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ሮቶ ይዞ መግባት ክልክል እንደሆነ ሊያስረዳን እጁን አነሣ፤ ከሮቶው ውስጥ የወጣውን ድምፅ ሲሰማ እጁን በሩን ለመክፈት ተጠቀመበት። ሲስተር መሠረት ጓንቷን እያጠለቀች ብቅ አለች። ሮቶው በማዋለጃው በር አይገባም። ታደለችን በመጋረጃው መሃል ደግፈን አወረድናት፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ ተዘርግቶ ነበር፤ እዚያው ተንበረከከች። እኔም ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ያልለቀቅኳትን እጅ ልለቅና፣ እንደ ልማዴ ወደ ግንቡ ልወጣ ዞርኩ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ ሲስተር። «ጫማዎን ያውልቁና ፊት ለፊቷ ይንበርከኩ። አንገትዎን ትያዝ።»

ተንበረከክሁ። ታደለች ሁለት እጇን አንገቴ ላይ ጠምጥማ ሙሉ ክብደቷን ሰጠችኝ። አማቴ ከኋላ ወገቧን እያሹ ገረመሙኝ።

«ምሰሶው ቀጭን ነው» አሉ ለሲስተር፣ «ግን ይይዛል።»

ከዚያ ያለውን በሙሉ ልነግራችሁ አልችልም፤ ቃሉ የለኝም፣ ያለኝም አይበቃም። ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ነበር። ስትገፋ እኔም አብሬ እገፋለሁ፤ ሲስተር እኔን ዝም እንድል ነገረችኝ። ጭንቅላቱ ሲወጣ ሲስተር በድንገት ታደለችን አቁሚ አለቻት፤ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የሲስተርን ጣቶች አየሁ፤ እንደ ሹራብ ሠሪ፣ ሳይቸኩሉ፣ እትብቱን በጭንቅላቱ ላይ አሳልፈው አወለቁት። ቀጥሎ አንዲት ሰማያዊ ነገር ወጣች፤ ዝም አለች፤ ሲስተር በፎጣ አሸቻት፤ ዝም አለች፤ አሁንም አሸቻት፤ ከዚያ ሙሉ ሆሳዕናን ተሳደበች። ሴት ናት።

ልስቅ አፌን ስከፍት የታደለች ክንድ ከአንገቴ ላይ ላላ። ፊቷ ነጣ። ከሥሯ ነጩ አንሶላ ላይ ደሙ ሲሰፋ አየሁት፤ ይሰፋል፣ አይቆምም። ሲስተር አልጮኸችም። ረዳቷን በዝግታ ጠራች፣ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት፣ ሆዷን በመዳፏ ጫን አድርጋ አሸት አሸት አደረገች፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰካ። እኔ አንሶላውን ብቻ ነበር የማየው። ነጭ ባይሆን ኖሮስ እያልኩ። ሲስተር መጋዘኔ ውስጥ የጠየቀችኝ ጥያቄ ማዋለጃው ክፍል ውስጥ መልሱን እያሳየኝ ነበር። ቆይቶ፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ሲስተር «ቆመ» አለች። አማቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው በከምባትኛ ከእግዚአብሔር ጋር ረጅም ወሬ ጀመሩ። የሞቱባቸውን የሁለቱን ልጆች ስም በመሃል ሲጠሩ ሰማኋቸው።

ውጪ ግቢው ውስጥ ተሸካሚዎቹ አልሄዱም ነበር። በሮቶው ዙሪያ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወጥቼ ሴት ናት ስላቸው ከድር ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። የአዲሎው ሰውዬ ደግሞ ትከሻውን እያሸ መጣ።

«ሮቶህ ጠንካራ ነው» አለኝ። «ሙሉውን እወስዳለሁ።»

ማምሻውን፣ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ተኝታ፣ ታደለች ድንገት ዞር አለችና ስለዚያ የምህረት ቪዲዮ ጠየቀችኝ። ምን እንዳየሁበት ጠየቀችኝ። ውሃውን አልኳት፣ ገንዳውን።

«እኔ ውሃውን አላየሁትም» አለችኝ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ቪዲዮውን ከፍቼ ደግሜ አየሁት። ገንዳ አለ። ውሃ አለ። ከኋላዋ በቁምጣ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ አለ፤ ምንም አይሠራም፤ ብቻ አለ።

አማቴ አምና አረፉ። ያቺን ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወሩ ነበር፤ በእሳቸው ወሬ ውስጥ ተሸካሚው መቶ ይደርሳል፤ አጋናኝ የምባለው ግን እኔ ነኝ። ከድር እንደ ሌሎቹ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል፤ ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ ስንደዋወል ከሰላምታ በፊት «ሮቶ እንዴት ናት?» ይለኛል። ሕፃኗን ጸጋ ብለን ብንሰይማትም መናኸሪያው የሚያውቃት ሮቶ ብሎ ነው። ያ መንገድ ተቆፍሯል፣ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሎበታል፤ ሱቄም ወደ ውስጥ ገብቷል። ባጃጁ በዝቷል፣ አምቡላንሱም እንደዚያው። ደግ ነገር ነው፤ አልጠላሁትም። አንዳንዴ ቅዳሜ ግን ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ያንን የቃሬዛ ጥሪ ጆሮዬ ይፈልገዋል። ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ለማያውቃት ሴት ትከሻ የሰጠባትን ያቺን ቀን ድጋሚ ባያት እላለሁ፤ ሚስቴ እንደገና ታምጥ ማለቴ ግን አይደለም፤ ቀይ እስክሪብቶው ወደ አንገቴ እየቀረበ ነው።

እናንተ ሚስታችሁ ያረገዘች ወንድሞቼ፣ ይህን አንብባችሁ ፍሌክስ እንዳትበደሩ። በውሃ ይሁን፣ በመንበርከክ ይሁን፣ በአልጋ ይሁን፣ ከምታውቅ አዋላጅ ጋር ቁጭ ብላችሁ ምከሩ፣ ከዚያ ወደ እሷ ሂዱ። እኔ ገንዳ ስቆርጥ፣ ጎማ ስሰነጥቅ፣ ውሃ ሳጠራቅም የነበርኩት ሰው ከሁሉም የቀለለውን ሳላስብ ቀርቼ ነበር። ስትወልዱ ግንብ አትደገፉ። መደገፊያ ሁኑ።

ግማሹ ሮቶ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ አሸንዳ ሥር ተቀምጧል። ክረምቱ ሞልቶታል። ይህን ስጽፍ ጸጋ ውስጡ ሆና ውሃውን በእግሯ እየደበደበች ነው፤ «አባዬ፣ ግባ አንተም» እያለች ትጠራኛለች። አጥሩ አጭር ነው፤ መንገደኛው ብዙ ነው። ታደለች እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በትከሻዬ በኩል ወደ ውጪ ታያለች።

«ሰው ያያል» አለችኝ፤ በራሴ ድምፅ።

ይይ። ጫማዬን እያወለቅኩ ነው።